ዘግይቶ የገባ ተጫዋች

ሺዎች በኢንተርኔት አብረው የሚጫወቷቸው ጨዋታዎች የራሳቸው ፖለቲካና ገበያ አላቸው። ጉልህ ምሳሌው የአይስላንዱ ሲሲፒ ኩባንያ በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣው የጠፈር ጨዋታ «ኢቭ ኦንላይን» ነው። ተጫዋቾቹ ኅብረት ይመሠርታሉ፣ ግዛት ይይዛሉ፣ ግብር ያስከፍላሉ፤ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ኩባንያውን የሚያማክር ምክር ቤት በድምፅ ይመርጣሉ። በጥር 2014 እ.ኤ.አ. አንድ የግዛት ክፍያ ሳይከፈል በመቅረቱ በተጫረ ውጊያ ከ7,000 በላይ ተጫዋቾች ተሳትፈዋል፤ የወደሙት የጠፈር መርከቦች በእውነተኛ ገንዘብ ሲተመኑ 300,000 ዶላር ገደማ ደርሰዋል።

እንዲህ ባለ ዓለም ጀማሪ ቦታ ያለው አይመስልም፤ ግን አለው። ጦርነት የሰው ብዛትም ስለሚፈልግ ትልልቆቹ ኅብረቶች አዲስ ገቢዎችን ይሻማሉ፣ መርከብ ያድላሉ፣ ያሠለጥናሉ። ገንዘብ ያለው ሌላው ለዓመታት የሚለፋበትን ሀብት በአንድ ቀን መግዛት ይችላል። ወዳጅና ልምድ ግን አይገዛም፤ ለድሃው ጀማሪ ተስፋ የሚሰጠውም ይኸው ነው።

በ2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ከተሞች የተስፋፉት የቴሌግራም ጨዋታዎች፣ «ኖትኮይን» እና «ሐምስተር ኮምባት»፣ አሠራራቸው ሌላ ነበር። ተጫዋቹ ስልኩን እየነካካ ነጥብ ያጠራቅም፣ ሰው ሲጋብዝም ይጨመርለት ነበር፤ በመጨረሻ ነጥቡ በክሪፕቶ ሳንቲም ተተካ። እዚህ ጀማሪ የሚፈለገው ቁጥር እንዲያበዛ ነበር። «ሐምስተር» 300 ሚሊዮን ተጫዋች አለኝ ቢልም፣ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ሳንቲሙ ሲከፋፈል ብዙዎች የደረሳቸው ከድካማቸው ጋር የማይመጣጠን ሆኖ አግኝተውታል። ለወራት ስልክ ላይ ያጎነበሰ ወጣት ያተረፈው ሙያም ወዳጅም የለም፤ ይህ ያሳዝናል። በዚያ ላይ ብሔራዊ ባንክ በክሪፕቶ መገበያየት በአገሪቱ ሕጋዊ አለመሆኑን በ2014 ዓ.ም. አስታውቆ ስለነበር፣ ሳንቲሙን ወደ ብር ለመቀየር የሚሞክር ሰው ቢታለል አቤት የሚልበት ቦታ አይኖረውም።

የቢቸናና የሞጣ ወጣት ደግሞ ለዚህም አልታደለም። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ከተሞቹ በሚገኙበት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መቋረጡም ለወራት ዘለቀ። «ኖትኮይን» ተጀምሮ ነጥብ መሰብሰቢያው የተዘጋው፣ ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት 2016 ዓ.ም.፣ በዚሁ መሃል ነው። በጨዋታ ውስጥ ያለው ፖለቲካ ጀማሪን ሲጋብዝ፣ ከጨዋታው ውጭ ያለው በሩን ዘጋበት። የተዘጋው ጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ ጨዋታ መሥራት የሚማርበት ትምህርትና በርቀት የሚሠራ ሥራም አብሮ ቀርቷል። መንግሥት ኢንተርኔት መዝጋትን እንደ ጸጥታ ማስከበሪያ መቁጠሩን ሊተው ይገባል።