ጥፋቱ የአብራሪው ብቻ አይደለም

ጥንታዊ አውሮፕላን ሲያርፍ ተሽከርክሮ ክንፉን ሰበረ ሲባል ፍርዱ ቶሎ ነው፤ አብራሪው አልቻለበትም። ደነባ ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ በዚህ ፍርድ አልስማማም።

የጥንቱ አውሮፕላን ዋና ጎማዎቹ ከፊት ናቸው፣ ከጭራው ሥር ትንሽ ጎማ ወይም መንሸራተቻ አለ። የክብደቱ ማዕከል ከዋናዎቹ ጎማዎች ኋላ ነው። ጭራው ጥቂት ካፈነገጠ ክብደቱ ፊቱን ልቅደም ይላል። የደነባ ባለጋሪ ይህን ያውቃል፤ ፈረስ የሚስበው ጋሪ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ከኋላ የሚገፋው ይጣመማል። አፍንጫው ሽቅብ ስለሚያይም አብራሪው ፊት ለፊቱን በቅጡ አያይም።

ነሐሴ 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ያረፈው ሜዳ ላይ ነው። ሜዳ ደግ ነው፤ ነፋሱ ከየትም ይምጣ፣ ዞሮ መግጠም ይቻላል፣ ሳሩም ጎማውን ያንሸራትታል። አስፋልት ግን አቅጣጫው የተወሰነ ነው፤ በጎን ነፋስ ጎማውን አንቆ ይይዛል። የእኛ ከፍታ ሲጨመርበት ደግሞ አየሩ ስስ ነውና መሬት የሚነካው በበለጠ ፍጥነት ነው። ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ የአየር መንገዳችንን ሲ-47 በየገጠሩ ሜዳ ያሳረፉ ሰዎች (እሱም የጭራ ጎማ ነበረው) ተገቢውን ክብር አላገኙም ባይ ነኝ።

በ1928 ዓ.ም. አገር ውስጥ የተሠራችው አውሮፕላን «ፀሐይ» ጥር 2016 ዓ.ም. ከጣሊያን ተመልሳለች። እሷ ሙዚየም ትቀመጥ። አምሳያዋ ተሠርታ ትብረር ከተባለ ግን አስፋልት አይሰጣት፤ ሰፊ የሳር ሜዳና በጭራ ጎማ የሠለጠነ አብራሪ ይፈለግላት። የእኛም የደነባ ሜዳ አለ፣ ክረምት ካልሆነ። በክረምት መረሬው፣ ጥቁሩ ጭቃ፣ በሬም አያሳልፍ።