ፎቶው አምሯል፤ ዓሣውስ?

ከባህር ውስጥ የተነሳ የዌል ሻርክ ፎቶ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሲለቀቅ አስተያየቱ ሁሉ አድናቆት ነው። «ተፈጥሮ እንዴት ድንቅ ናት!» የሚለው ይበዛል። ፎቶው እንዴት ተነሳ ብሎ የሚጠይቅ ግን ከስንት አንድ ነው። መጠየቅ ያለበት ደግሞ ይኸው ነው።

ዌል ሻርክ በምድር ላይ ካሉት ዓሦች ሁሉ ትልቁ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሰው አይበላም፤ አፉን ከፍቶ ውሃውን እያጣራ የሚመገበው ደቃቅ የባህር ፍጥረታትን ነው። ዝግ ብሎ፣ ብዙ ጊዜም ከውሃው ገጽ ሳይርቅ ይዋኛል። ለፎቶ የተመቸ ያደረገው ይህ ጠባዩ ነው፤ ለጀልባ ሞተር ስለት ያጋለጠውም ይኸው ነው። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው እንስሳት ተርታ ተመድቧል።

የባህር ውስጥ ፎቶ አንሺዎች መከራከሪያ የታወቀ ነው። ጦር አልያዙም፣ መረብ አልጣሉም፤ ምስል ብቻ ይዘው ይወጣሉ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ምስሉን ለማግኘት የሚደረገው ነገር ነው።

ፊሊፒንስ ውስጥ፣ ሴቡ ደሴት ላይ ኦስሎብ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ዓሣ አጥማጆች ማለዳ ማለዳ ከትናንሽ ጀልባዎች ላይ ሆነው ለዌል ሻርኮች የሽሪምፕ ዘር ይበትናሉ። ቱሪስቱ ገንዘብ ከፍሎ ይገባል፣ ይዋኛል ወይም ይጠልቃል፣ ፎቶውን ይዞ ይሄዳል። ዓሣው ግን ጀልባ ማለት ምግብ ማለት እንደሆነ ተምሮ ይቀራል። ነገ ሌላ ባህር ላይ ሞተሩ የሚያጓራ ጀልባ ሲመጣ ከመሸሽ ይልቅ ይጠጋል። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይህ ነው። በዓሣ አጥማጆቹ መፍረድ አይገባም፤ የዕለት ጉርስ አግኝተውበታል። የሚወቀሰው ገበያውን የፈጠረው ነው፤ እሱም «ከዱር እንስሳ ጋር ፊት ለፊት» ብሎ ፎቶ የሚለጥፈው ነው። ተመግቦ የመጣ እንስሳ ፎቶ የዱር ሕይወት ምስክር አይደለም።

ትንንሾቹም አልተረፉም። የአየር ሲሊንደር አዝለው የሚጠልቁ አንዳንድ ፎቶ አንሺዎች የባህር ፈረስ ፊቱን ካላዞረላቸው በብረት ዘንግ ይነካኩታል። ክርክሩ ለዓመታት የቆየው ፍላሽ ዓይኑን ይጎዳል ወይስ አይጎዳም በሚለው ላይ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን የባህር ፈረሶችንና መሰል ዓሦችን ከፍላሹ ይልቅ የሚያስጨንቃቸው መነካካቱ እንደሆነ አሳየ። ሁሉም ካሜራውን ሲከስ ጥፋተኛው እጅ ነበር።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያዊ ጅቡቲን የሚያውቃት በወደቧ ነው። ከዚያው ወደብ አጠገብ ባለው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ግን በየዓመቱ ከኅዳር ወር ገደማ ጀምሮ ዌል ሻርኮች ይሰበሰባሉ። አብዛኞቹ ገና ያላደጉ ናቸው። በጥር 2006 እ.ኤ.አ. እዚያ የተደረገ ቅኝት ከታዩት ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ በጀልባ ወይም በሞተር ስለት ሳቢያ የመጣ የሚመስል ጠባሳ አግኝቷል። ጠባሳው ሁሉ የፎቶ ፈላጊ ሥራ ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን በቆሰለ ለጋ ዓሣ ላይ ሌላ ጀልባ ተሽቀዳድሞ ሲደርስ ፍቅር ነው ማለት ያስቸግራል።

ታዲያ ፎቶ ይከልከል? አይደለም። ዌል ሻርኮቹን አንድ በአንድ ለይቶ ለማወቅ የተቻለው በፎቶ ነው። የአንዱ ነጠብጣብ ከሌላው አይመሳሰልም፤ እንደ ሰው የጣት አሻራ ነው። ነጠብጣቡን የሚያመሳክረው የኮምፒውተር ፕሮግራምም የተወሰደው የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ከዋክብትን ለመለየት ከሚጠቀሙበት ስሌት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ከጎን በኩል፣ በርቀት የተነሳ ፎቶ ነው። ጀርባው ላይ መንጠላጠል አይጠይቅም።

በሥርዓት መሥራት እንደሚቻልም አውስትራሊያ አሳይታለች። ኒንጋሉ በተባለው የባህር ጥብቅ ሥፍራ በአንድ ጊዜ ከ10 ሰው በላይ ወደ ዌል ሻርኩ አይጠጋም፤ ከአካሉ 3 ሜትር፣ ከጅራቱ 4 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው፤ መንካትና ፍላሽ ክልክል ነው። ጎብኚው አልቀረም፣ ፎቶውም አልጠፋም። እንግዲህ «ሳይጠጉ አይሆንም» የሚለው ሰበብ ነው።

ሕግ በሌለበት ባህር ላይ ደግሞ ዳኛው ተመልካቹ ነው። ላይክ ክፍያ ነው፤ ሼር ማድረግም ማስታወቂያ ነው። እንስሳው ተመግቦ ነው የመጣው? ተነክቷል? ጀልባው ምን ያህል ተጠግቶ ነበር? ፎቶ አንሺው ለእነዚህ መልስ ከሌለው ምስሉ የቱንም ያህል ቢያምር አድናቆት አይገባውም።