ስሙን የቆረጥነው ሥዕል

ቀላል ፈተና ልስጣችሁ። ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል የሚያወራ አንድ የአማርኛ ገጽ ክፈቱ። ከሥዕሉ ሥር ያለውን ጽሑፍ ኮፒ አድርጉና ሌላ ሥዕል ሥር ለጥፉት። እዚያም ልክ ከሆነ፣ ጽሑፉ ስለ መጀመሪያው ሥዕል ምንም አላለም ማለት ነው። «የአባቶቻችን ድንቅ ጥበብ»፣ «ዓለምን ያስደመመ ቅርስ»፣ «ቃላት የማይገልጹት ውበት»። ይሄ ለላሊበላም ይሆናል፣ ለአፈወርቅ ተክሌም ይሆናል፣ ትናንት ለተቀባ የካፌ ግድግዳም ይሆናል።

ሙያዬ ሶፍትዌር ነው፤ የሥዕል ሐያሲ አይደለሁም። ግን ገጽ ሲሠራ ምን እንደሚከብድና ምን እንደማይከብድ አውቃለሁ። የሥዕል ገጾቻችን ችግር የገንዘብ ወይም የቴክኖሎጂ እጥረት ነው ሲባል አልቀበልም። ችግሩ ዲዛይንን እንደ ጌጥ፣ ይዘትን ደግሞ እንደ ክፍተት መሙያ ማየታችን ነው። ጥቁር ጀርባ፣ ቀስ ብሎ የሚንሸራተት ምስል፣ ትልቅ ርዕስ፤ ከዚያስ? ማን ሣለው? የት ነው ያለው? መቼ? ስፋቱ ስንት ነው? ዝም።

የሚገርመው፣ ይህን ሥራ ከእኛ በፊት በደንብ የሠሩት ሰዎች ሩቅ አይደሉም። እኔ የደጀን ልጅ ነኝ። ከደጀን ተነስቶ በቢቸና አድርጎ ወደ ሞጣ የሚሄደው መንገድ ደብረ ወርቅ ላይ ያደርሳል፤ ዲማ ጊዮርጊስና መርጡለ ማርያምም የዚሁ የምሥራቅ ጎጃም ናቸው። በአካባቢው ክብ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደሱ ግድግዳ ብዙ ጊዜ በሥዕል የተሸፈነ ነው፤ ሥዕሉም በአብዛኛው በጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። ያንን ግድግዳ በእኔ ሙያ ዓይን እዩት እስቲ። በሮቹን ሰይፍ የመዘዙ መላእክት ይጠብቃሉ። ጻድቁ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉው ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ማን ምን እንደሆነ ይለያል። ለሚያነበው ደግሞ እዚያው ሥዕሉ ላይ «ዘከመ» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ አለ፤ እንዲህ እንዳደረገ፣ እንዲህ እንደሆነ እያለ ታሪኩን ይነግረዋል። ከታች ደግሞ ብዙ ጊዜ ሥዕሉን ያሠራው ሰው በቅዱሱ እግር ሥር ተደፍቶ ይታያል፤ አጠገቡ ስሙና ልመናው ተጽፏል። ቦታ፣ ሥርዓት፣ መግለጫ፣ የባለቤት ስም፤ ሁሉም ተሟልቷል። ይሄ ዲዛይን ካልሆነ ምን ዲዛይን አለ?

አሁን ያው ሥዕል ስልካችሁ ላይ ሲመጣ እዩ። ገጹ ሁሉንም ምስል አራት ማዕዘን አድርጎ ይቆርጣል፤ ቴምፕሌቱ እንዲያ ይላላ! መጀመሪያ የሚሄደው የታችኛው ጠርዝ ነው፤ አሠሪው ከነስሙ። ቀጥሎ ከላይ ያለው የግዕዝ ጽሑፍ ይሄዳል። መሀል ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፊትና የፈረሱ አንገት ይቀራል። በዚያ ላይ ፊልተር ይጨመርና ቀዩ ብርቱካን፣ ሰማያዊው ሐምራዊ ይሆናል። ዝናብና ጢስ ችለው የቆዩ ስምና ቀለም፣ በእኛ ጣት ጠፉ።

ዘመናዊው ሥዕልም አልተረፈም። አፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥራ ሦስት ክፍል ነው፤ 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ የሚተርክ ስለሆነ ሦስቱ ካልተያያዙ ትረካው የለም። የመሀሉን ብቻ ቆርጦ «የአፈወርቅ ድንቅ ሥራ» ብሎ መለጠፍ፣ ከሦስት ምዕራፍ መጽሐፍ አንዱን ገንጥሎ እንደ መሸጥ ነው።

ቴክኒኩ ላይ ልምጣ፤ እዚህ ሰበብ አልሰማም። ብዙ ገጽ ጽሑፉን ምስሉ ውስጥ ያትመዋል፤ ፊደሉ እንዲያምር ብሎ። ውጤቱ ምንድን ነው? ጉግል በቀላሉ አያገኘውም፣ ዓይነ ስውር የሚጠቀምበት አንባቢ ፕሮግራም ሊያነበው ይቸገራል፣ ኮፒ ለማድረግም ያስቸግራል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው፤ ከብዙዎቻችን ስልክ ይበልጣል። ፍለጋውም እንዲሁ ነው። «ሥዕል» የሚለውን ቃል ሰው ሥዕል፣ ስዕል፣ ሥእል፣ ስእል ብሎ ይጽፈዋል። ሠን እንደ ሰ፣ ዐን እንደ አ፣ ሐንና ኀን እንደ ሀ፣ ፀን እንደ ጸ ቆጥሮ የሚፈልግ ኮድ መጻፍ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ግን ማን ይሠራዋል፤ የሚንሸራተተው ምስል ይቀድማላ!

መግለጫው እስከነጭራሹ የለም ማለቴ አይደለም። አለ፤ በእንግሊዝኛ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው «መዝገበ ሥዕላት» የኢትዮጵያን ሥዕሎች ፎቶ ከነመግለጫው ሰብስቧል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚሁ አገር ውስጥ የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ቅጂው ሚኒሶታ ነው፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለአሥርት ዓመታት እዚያ ተቀምጠው ካታሎጉን ሠርተዋል። እነዚህ ሰዎች ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባቸውም። ነገር ግን የቢቸና ልጅ ስለ ደጁ ሥዕል ለማንበብ እንግሊዝኛ መቻል ካለበት፣ ጥፋቱ የቶሮንቶ አይደለም። እውቀቱ እዚያ፣ አድናቆቱ እዚህ ሆኖ ቀርቷል፤ ጥፋቱ የእኛው ነው።

«ሰው አያነብማ! ምስል ብቻ ነው የሚፈልገው» የሚል አይጠፋም። ይቅርታ፣ ያው ሰው የእግር ኳስ ዝውውር ዜና እስከ መጨረሻው መስመር ያነባል። የማያነበው ባዶ ቃል ነው፤ በዚያ ደግሞ ልክ ነው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ «ዝርዝር ካወጣችሁ ሌባ ትጠራላችሁ» የሚለው። ስጋቱ እውነት ነው። ዕቃው የትኛው ሳጥን ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ መጻፍ የለበትም። ግን ስምና ልክ መደበቅ የሚጠቅመው ማንን ነው? በ1997 (እ.ኤ.አ.) ከላሊበላ የተሰረቀው «አፍሮ አይገባ» መስቀል ቤልጂየም ውስጥ በአንድ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ በ2001 ተመልሷል። ስሙም መልኩም የታወቀ መስቀል ነበር። በዚያው በ1997 «ኦብጀክት አይዲ» የሚባል ዓለም አቀፍ መለኪያ ይፋ ሆኗል፤ ፖሊስ፣ ጉምሩክና ሙዚየም የተሰረቀ ቅርስ የሚለዩበት ነው። የሚጠይቀው ፎቶ፣ ዓይነት፣ ከምን እንደተሠራ፣ ልክ፣ ጽሑፍ፣ ልዩ ምልክት፣ ዘመን፣ ሠሪ የመሳሰሉትን ነው። አሁን «የአባቶቻችን ድንቅ ጥበብ» የሚለውን መግለጫ ይዛችሁ አንድ የአውሮፓ ጨረታ ቤት ፊት ቁሙ። ይሄ የእኛ ነው በሉ እስቲ። በምን ታስረዳላችሁ? ጠርዙን ቆርጣችሁታል፣ ቀለሙን ቀይራችሁታል፣ ልኩን አልጻፋችሁም።

ስለዚህ የሥዕል ገጽ ለምትሠሩ ሁሉ፣ ጓደኞቼም አላችሁበት፣ ልመና ሳይሆን ጥያቄ አለኝ። ሥዕሉን ሙሉውን አሳዩ፤ ቅርብ ምስል ከፈለጋችሁ ከሙሉው ቀጥሎ አድርጉት። ሠዓሊውን ጻፉ፤ ካልታወቀ «አልታወቀም» በሉ። ቦታውን፣ ዘመኑን፣ የዘመን አቆጣጠሩን፣ የተሣለበትን ነገር፣ ልኩንና ፎቶውን ያነሳውን ሰው ጻፉ። ሥዕሉ ላይ ያለውን ግዕዝ ወደ አማርኛ መልሱት፤ ካልቻላችሁ የደብሩን መሪጌታ ጠይቁ፣ ስማቸውንም አብራችሁ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ለሌላ ሥዕል ሊሆን የማይችል አንድ አንቀጽ ጨምሩ። ይህን ሁሉ ከጨረሳችሁ የሚንሸራተተውን ምስል እንደፈለጋችሁ አድርጉት፤ አልከራከርም።

አንባቢዎችም ብትሆኑ ነፃ አይደላችሁም። ስም የሌለው ሥዕል ሼር ከማድረጋችሁ በፊት «የማን ነው? የት ነው?» ብላችሁ ሥሩ ጻፉ። ሃያ ሰው ከጠየቀ ባለገጹ ይፈልጋል። ማንም ካልጠየቀ ግን ምን አስጨነቀው?