ከቀመሩ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ

በኤሌክትሪክ ትምህርት ውስጥ የኦም ሕግን ያህል ተማሪ በቀላሉ የሚሸመድደው ሕግ ያለ አይመስለኝም። ቮልቴጅ ለከረንት ሲካፈል ሬዚስታንስ ይገኛል፤ ቮልቴጅ በከረንት ሲባዛ ደግሞ ኃይል ይገኛል። 220 ቮልትና 16 አምፔር ለተሰጠው ተማሪ፣ ሬዚስታንሱ 13.75 ኦም፣ ኃይሉም 3,520 ዋት መሆኑን ማስላት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። አሐዙም ከኑሯችን የራቀ አይደለም፤ በየቤታችን እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው የሚወስደው ኃይል በዚሁ አካባቢ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ላስገነዝብ የምሻው ግን ስሌቱን በትክክል መሥራትና ሕጉን መረዳት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ተማሪዎችን በቤተ ሙከራ ሳገኝ ዘወትር የማቀርብላቸው አንድ ጥያቄ አለ፦ የምጣድ ሽቦ ተበጥሶ ጫፍና ጫፉ ቢቀጠል፣ በዚህም ርዝመቱ ቢያጥር፣ ምጣዱ ከቀድሞው ይበልጥ ይግላል ወይስ ሙቀቱ ይቀንሳል? ክፍሉ ወዲያውኑ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን፣ ሙቀት የሚገኘው ከረንት በራሱ ተባዝቶ እንደገና በሬዚስታንስ ሲባዛ ስለሆነ፣ ሬዚስታንስ ሲቀንስ ሙቀቱም ይቀንሳል ይላል። ሌላው ወገን፣ ኃይል የሚገኘው ቮልቴጅ በራሱ ተባዝቶ ለሬዚስታንስ ሲካፈል ስለሆነ ሙቀቱ ይጨምራል ባይ ነው። ሁለቱም የጠቀሱት ቀመር ትክክል ነው። ታዲያ ተቃርኖው ከየት መጣ?

ተቃርኖው የመጣው ከቀመሩ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ስላልተጠየቀ ነው። ጥያቄውም “ሬዚስታንሱ ሲለወጥ ሳይለወጥ የሚቀረው የትኛው ነው?” የሚል ነው። ምጣዱ በቀጥታ ከሶኬት ጋር የተያያዘ እንደ መሆኑ መጠን ሳይለወጥ የሚቀረው 220 ቮልቱ ነው። ሽቦው በአንድ ዐሥረኛ ቢያጥር ሬዚስታንሱ ወደ 12.4 ኦም ይወርዳል፤ ከረንቱ ወደ 17.8 አምፔር ይወጣል፤ ኃይሉም 3,900 ዋት ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ የተቀጠለው ምጣድ ይበልጥ ይግላል። ያጠረው ሽቦ ከቀድሞው የበለጠ ሙቀት እንዲያመነጭ ስለሚገደድም ዳግመኛ ለመበጠስ ይፈጥናል።

አሁን ደግሞ ከምጣዱ ወደ ስፒናው እንምጣ። ስፒናው ላልቶ ከሶኬቱ ጋር በሚገባ ባለመገጣጠሙ በመገናኛው ላይ 0.5 ኦም ሬዚስታንስ ተፈጠረ እንበል። ጠቅላላው ሬዚስታንስ ከ13.75 ወደ 14.25 ኦም ከፍ ስለሚል ከረንቱ ከ16 ወደ 15.4 አምፔር ብቻ ዝቅ ይላል። እዚህ ላይ ከሞላ ጎደል ሳይለወጥ የሚቀረው ከረንቱ ነው፤ መጠኑን በዋናነት የሚወስነው ምጣዱ እንጂ መገናኛው አይደለምና። 15.4 በራሱ ተባዝቶ እንደገና በ0.5 ሲባዛ 119 ዋት ገደማ ይሆናል። ይህም ባለ 100 ዋት አምፑል ከሚወስደው ኃይል ይበልጣል፤ የሚከማቸው ግን ከጣት ጫፍ በማይበልጥ፣ በፕላስቲክ በተከበበ ቦታ ላይ ነው። ስፒና የሚጠቁረውና የሚቀልጠው፣ ሲብስም እሳት የሚያስነሣው በዚህ ምክንያት ነው። ከረንቱ ከወትሮው ያነሰ እንጂ የበለጠ ስላልሆነም ብሬከሩ አደጋውን አውቆ መሥመሩን አይቆርጥም።

እንግዲህ በምጣዱ ላይ ሬዚስታንስ ሲቀንስ ሙቀት ጨመረ፤ በስፒናው ላይ ግን ሬዚስታንስ ሲጨምር ሙቀት ጨመረ። ሕጉ አንድ ነው፤ የተለያየው ሳይለወጥ የሚቀረው መጠን ነው። ቀመሩን ብቻ የያዘ ተማሪ ይህን ልዩነት አያየውም።

የሕጉ ባለቤት ራሱ ከዚህ ችግር ጋር ታግሏል። በኮሎኝ ከተማ መምህር የነበረው ጌኦርግ ሲሞን ኦም በመጀመሪያ ሙከራዎቹ የተጠቀመባቸው የኬሚካል ባትሪዎች ቮልቴጃቸው እየዋዠቀ አስቸግረውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1826 ግን ቢስመዝና መዳብ ተጣምረው የሚሠሩትን የሙቀት ምንጭ ተጠቀመ፤ አንደኛውን መጋጠሚያ በፈላ ውኃ፣ ሌላውን በበረዶ በማቆየት ቮልቴጁን አጸና። ከዚያ በኋላ የሽቦውን ርዝመት እየለዋወጠ ሲለካ ሕጉ ግልጽ ሆኖ ወጣለት፤ በ1827ም በመጽሐፍ አሳተመው። እርሱ በብዙ ድካም ያጸናውን መጠን እኛ በፈተና ወረቀት ላይ “ተሰጥቷል” ብለን እናልፈዋለን።

አንዳንድ መምህራን የተማሪው ብዛትና የመሣሪያው እጥረት እያለ ቀመሩን ማስያዝ በራሱ በቂ ሥራ ነው ሲሉ ይሰማል። ችግሩ እውነት መሆኑን አልክድም። ሆኖም ከላይ ያነሣሁት ጥያቄ ከጠመኔና ከሰሌዳ በቀር የሚጠይቀው መሣሪያ የለም። በየፈተናው ከሚቀርቡት የስሌት ጥያቄዎች መካከል ቢያንስ አንዱ፣ ተማሪው ቁጥር ከማስላቱ በፊት ሳይለወጥ የሚቀረውን መጠን ለይቶ ምክንያቱን እንዲጽፍ የሚጠይቅ ቢሆን ትልቅ ለውጥ ያመጣል ብዬ አምናለሁ።

አንባቢም ከዛሬ ጀምሮ ምጣድ ከተጣደ በኋላ ስፒናው ከወትሮው በተለየ ሲግል ወይም ሲጠቁር ካየ፣ ኃይሉን አጥፍቶ ስፒናውንና ሶኬቱን በባለሙያ ያስቀይር። ምክንያቱንም ለልጆቹ ያስረዳ፤ ስሌቱን በትምህርት ቤት ተምረውታልና።