የሞተር መቆጣጠሪያ በተለወጠ ጊዜ ስለሚያስፈልገው ሥራ

ቀድሞ የትራክተር ወይም የአውቶሞቢል ዕቃ በተሰበረ ጊዜ አንጥረኛው ቀጥቅጦ ያበጀው፥ ወይም ከሌላ መኪና ፈትቶ ይገጥመው ነበር። በዛሬው መኪና ግን ወደ ሞተሩ የሚገባውን የነዳጅ መጠንና ሰዓት የሚወስነው የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ስለ ሆነ፥ ይህ ዕቃ ተበላሽቶ አዲስ ቢገጠም እንኳ ሥራው ገና አልተፈጸመም። አዲሱ መቆጣጠሪያ ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ ይመጣልና፥ ለዚያ ሞተር የተዘጋጀው ፕሮግራም ሊጫንበት፥ የመኪናው መለያ ቁጥር ሊጻፍበት፥ ሌባ የሚከለክል ቁልፍ ያለው እንደ ሆነም ከቁልፉ ጋራ ሊተዋወቅ ያስፈልገዋል። በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ደግሞ በየኢንጄክተሩ ላይ የተጻፈው ምልክት ይገባበታል። ከሌላ መኪና የተፈታው የቀድሞውን መኪና መለያና ቁልፍ እንደ ያዘ ስለሚመጣ፥ ርካሽ ነው ተብሎ የተገዛው ብዙ ጊዜ ሞተሩን ሳያስነሣ ይቀራል።

በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚከፋው ችኮላ ነው። አሮጌው ገና የሚነበብ እንደ ሆነ፥ ሳይፈታ በውስጡ ያለው ተነቦ ይቀመጥ። የተቃጠለበትም ምክንያት አስቀድሞ ይመርመር፤ አንድ የተላጠ ሽቦ ሁለተኛውንም ያቃጥለዋልና። ፕሮግራሙ በሚጫንበት ሰዓት የባትሪው ኃይል ቢወድቅ፥ ጽሕፈቱ ከመካከል ተቋርጦ አዲሱ ዕቃ ከጥቅም ውጭ ሊሆን ስለሚችል፥ ከውጭ የማያቋርጥ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ ሊያያዝ ይገባል።

ነገር ግን ብልህ ሠራተኛ ቢገኝም፥ የፕሮግራሙ መክፈቻ በሻጩ እጅ ብቻ ሲሆን ዕውቀቱ አይጠቅመውም። በሬ ቢታመም ጎረቤት ያውሳል፤ በሐምሌ የቆመን ትራክተር ግን የሚያስነሣው ሰው ከዋና ከተማ እስኪመጣ ድረስ ዝናቡ አይጠብቅም። በአሜሪካ አገር ገበሬዎች ብዙ ዓመት ያማረሩት በዚሁ ነው። የኮሎራዶ ግዛት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው፥ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በጸናው ሕግ፥ የእርሻ መኪና ሠሪዎች የጥገና መጽሐፍ፥ መለዋወጫ፥ ፕሮግራምና መሣሪያ ለባለ መኪናውና ለግል ጠጋኙ እንዲያቀርቡ አዟል።

እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት ስፍራ የገዢው ኃይል ውሉ ነው፤ ውሉም የሚጠነክረው ገንዘቡ ሳይከፈል ነው። እንግዲህ ትራክተር የሚገዛ ባለ እርሻም ሆነ የወረዳ ሹም፥ የፈረስ ጉልበቱን ከመጠየቁ በፊት መቆጣጠሪያው ቢለወጥ ፕሮግራሙን ማን እንደሚጭን፥ በስንት ቀን ውስጥ፥ በስንት ብር እንደሆነ ያስጽፍ። መሣሪያውና ፈቃዱ ለአገሩ ጠጋኝ የሚሸጥ እንደ ሆነ፥ ፈቃዱ እስከ መቼ እንደሚጸና ቀኑ ጭምር ይጻፍ።