ከቀመሩ በስተጀርባ ያለው ዳኛ

ኮምፒዩተር የሰጠው ፍርድ ከአድልዎ የጸዳ ነው የሚለው አስተሳሰብ በዘመናችን እንደ ቀኖና እየተስፋፋ መጥቷል። ቁጥር ዘመድ የለውም፤ ስለዚህ የሰው ስሜት ያጣመመውን ውሳኔ ቀመር ያቀናዋል ይባላል። አባባሉ ሲሰሙት ደስ ያሰኛል። ይሁንና ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ጉዳዩ ከሥሩ ሲመረመር የሳይንስ ድምዳሜ ሳይሆን ከኃላፊነት መሸሻ ሆኖ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ አገር የሆነው ለዚህ ሕያው ማስረጃ ነው። በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያሻግረው የ«ኤ ሌቭል» ፈተና ተሰረዘ። መምህራን ለእያንዳንዱ ተማሪ ይገባዋል የሚሉትን ውጤት እንዲገምቱ፣ ተማሪዎቹንም በብቃታቸው ቅደም ተከተል እንዲያሰልፉ ተጠየቁ። የፈተና ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍኳል ግን ግምቱን እንዳለ አልተቀበለም። የየትምህርት ቤቱን የቀደሙ ሦስት ዓመታት ውጤት መሠረት አድርጎ፣ የተማሪዎቹን የቀድሞ ውጤት ለማስተካከያ አክሎ፣ በስታቲስቲክስ ሞዴል የውጤት ድልድል አዘጋጀ። ተማሪው በተሰለፈበት ተራ መሠረት ከድልድሉ የደረሰውን ተቀበለ። ኦገስት 13 ቀን ውጤቱ ይፋ ሲሆን 39.1 በመቶ የሚሆነው የመምህራን ግምት ዝቅ ተደርጎ ተገኘ።

ቀመሩ ድሃና ሀብታም የሚል ቃል አያውቅም ነበር። ነገር ግን ጥቂት ተማሪዎች ብቻ በሚገኙበት ክፍል ስሌቱ አስተማማኝ ስለማይሆን፣ በዚያ የመምህሩ ግምት እንዲጸድቅ ተደረገ። ከሙያ አኳያ ይህ ትክክል ነው። ጥቂት ተማሪዎችን ለይቶ የማስተማር አቅም ያለው ግን ማን ነው? በአብዛኛው ከፍ ያለ ክፍያ የሚጠይቀው የግል ትምህርት ቤት ነው። ከ2019 ጋር ሲነጻጸር የከፍተኛ ውጤቶች ድርሻ በግል ትምህርት ቤቶች በ4.7 የመቶኛ ነጥብ ሲያድግ፣ በመንግሥት አጠቃላይ ትምህርት ቤቶች ያደገው በ2 ነጥብ ብቻ ነበር። የመደብ ልዩነት በበር ተባሮ በመስኮት ገባ።

እርግጥ ነው፣ የቀመሩ ጠበቆች ባዶ እጃቸውን አልቆሙም። የመምህራኑ ግምት በጥቅሉ ከቀደሙት ዓመታት ውጤት ላቅ ያለ ነበር፤ እንዳለ ቢጸድቅ የዓመታቱ ሚዛን ይዛባል የሚለው ስጋትም ተራ ስጋት አልነበረም። ስታቲስቲክስ ይህን ማሳየቱ ሊመሰገን ይገባዋል። ስሕተቱ ከዚያ ቀጥሎ ነው። ስታቲስቲክስ ስለ ብዙኃኑ ይናገራል፤ «እንደዚህ ካሉ መቶ ተማሪዎች ይህን ያህሉ ያልፋሉ» ከሚለው ተነሥቶ «አንተ ወድቀሃል» ወደሚለው የሚያሻግር የሒሳብ ድልድይ የለም። የሚያሻግረው ሥልጣን ብቻ ነው። ሞዴሉ ሊሳሳት እንደሚችል ሠሪዎቹ ያውቁ ነበር። ጥርጣሬው ግን በእነርሱ ጠረጴዛ ላይ ቀረ፤ ወደ ተማሪው ቤት የተላከው እርግጠኝነቱ ብቻ ነበር።

ተማሪዎች በለንደን አደባባይ ወጡ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ኦገስት 17፣ ቀመሩ ተሽሮ የመምህራኑ ግምት ጸና። የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰንም በዚያው ወር ጥፋቱን በአልጎሪዝሙ ላይ አላከኩ። ተዋናይ የተጻፈለትን ቃለ ተውኔት ስለ ተናገረ፣ ደራሲው ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ «እኔ የለሁበትም» ሊል ይችላልን?

የኦፍኳል ሞዴል ሰው ሠራሽ አስተውሎት አልነበረም፤ አሠራሩ ታትሞ የወጣ፣ ባለሙያ መርምሮ ሊሞግተው የሚችል ቀመር ነበር። ዛሬ ብድርን፣ ቅጥርንና የፍርድ ቤት ውሳኔን እንዲያግዙ የሚቀርቡት አዳዲስ ሞዴሎች ግን ካለፈው መረጃ ተምረው፣ ለምን እንዲህ እንዳሉ ሠሪያቸውም በቀላሉ የማያስረዳቸው ናቸው። ግልጹ ቀመር ይህን ያህል ከበደለ፣ ድብቁ ያለ ጠያቂ ሲለቀቅ ምን ሊያደርግ ነው?

ስለዚህ ትግሉ ከስሌት ጋር አይደለም፤ ዳኛን በስሌት ከመሰወር ጋር ነው። ማናቸውም በሞዴል የተደገፈ ውሳኔ ሊሳሳት የሚችልበትን መጠን ይዞ ይውጣ። ከሥሩ የሚጠየቅ ሰው ይፈርምበት። ተበዳዩ ጉዳት ሳይደርስበት በፊት አቤት የሚልበት ደጅ ይከፈት። መምህሩ አንድ ተማሪ የክፍሉ አማካይ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ከያኒውም ሰው በትናንቱ ተለክቶ እንደማያልቅ ያውቃል። ይህን እያወቁ ዝም ማለት ለማንም አይበጅም።