የጥፍርዎን ማዕዘን አይቆፍሩ

የእግር አውራ ጣት ጥፍር ወደ ሥጋ ሲገባ ሕመሙ ከቁስሉ ትንሽነት ጋር አይመጣጠንም። ሌሊት አንሶላ ሲነካው እንኳ ከእንቅልፍ ያባንናል። የጣቱ ዳር ቀልቶ መግል ሲቋጥር ብዙዎች «ጥፍረ መጥምጥ ነው» ይሉና ኪኒን ፍለጋ ይሄዳሉ። ይሁንና እዚህ ላይ የሕመሙ ምንጭ ጥፍሩ ራሱ ነው። ጠርዙ ቆዳውን በስቶ ስለሚገባ ሰውነት እንደ ባዕድ ነገር ይዋጋዋል። በራያ ሜዳ የግራር እሾህ የወጋው ሰው እሾሁን ሳያወጣ መድኃኒት ቢውጥ ይሻለዋልን? የጥፍሩም ነገር እንዲሁ ነው።

ዋነኛው ምክንያት የአቆራረጥ ስሕተት ነው። ጥፍሩን እንደ ግማሽ ጨረቃ አክብበው ሲቆርጡ በማዕዘኑ ላይ ዓይን የማያየው ስንጥር ይቀራል። ሲያም ደግሞ ይበልጥ ወደ ውስጥ ገብተው ይቆርጡታል። ለጥቂት ቀናት ፋታ ይሰጣል፤ የእግር አውራ ጣት ጥፍር በወር 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ግን ስንጥሩ በሳምንታት ውስጥ ወደፊት ተገፍቶ ሥጋውን መልሶ ይወጋል። «ቆርጬው ነበር፣ ተመለሰብኝ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጫማ ነው። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። በሙቀት ያበጠና በላብ የራሰ እግር በኮንጎ ጫማ ወይም በጠባብ ቆዳ ጫማ ሲታፈን ለስላሳው ቆዳ በጥፍሩ ላይ ይጫናል። ሳምንቱን በሸበጥ የከረመ እግር ለእሑድ ወይም ለሠርግ ሹል ጫማ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሰማው ሙሽሮችና ሚዜዎች ያውቁታል። እግሩ በፍጥነት የሚያድግ ልጅዎም በዓምና ጫማው ትምህርት ቤት እየሄደ እንዳይሆን ይመልከቱ። በእርሻ ላይ ከድንጋይ ጋር የሚጋጭ ጣትም ጥፍሩ ተጣሞ ሊያድግ ይችላል።

መግል ካልያዘ በቤት ውስጥ ማከም ይቻላል። እግሩን ለብ ባለ ውኃ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ በየጊዜው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይዘፍዝፉት። ጥፍሩ ሲለሰልስ በደንብ ያድርቁት፤ ከዚያም ጥቂት ንጹሕ ጥጥ ጠቅልለው ከማዕዘኑ ሥር ቀስ አድርገው ያስገቡና በየቀኑ ይለውጡት። ጥጡ ጥፍሩ ከሥጋው በላይ እንዲያድግ መንገድ ይከፍትለታል። እስኪድን ድረስ ክፍት ጫማ ያድርጉ። ምላጭና መርፌ ግን አያቅርቡ፤ ቁስሉን ከማመርቀዙም ሌላ መንጋጋ ቆልፍ ሊያስከትል ይችላል።

መግል ከያዘ፣ ቅላቱ ከተስፋፋ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም በጥፍሩ ዳር ቀይ ሥጋ ካቆጠቆጠ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ባለሙያው ጣትዎን በመርፌ አደንዝዞ ሥጋውን የወጋውን ጠርዝ ብቻ ቆርጦ ያወጣል፤ በዚያው ዕለት ወደ ቤትዎ ይመለሳሉ። አንዳንድ ሕመምተኛ «ሙሉውን ንቀሉልኝና ልገላገል» ይላል። አያስገላግልም። ጥፍሩ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል፣ ብዙ ጊዜም እንደገና ወደ ሥጋ ይገባል። ለሚመላለስበት ሰው የጠርዙን ሥር ፌኖል በተባለ ኬሚካል ማድረቅ የተሻለ መፍትሔ ነው።

እስከ አሁን ያልነው የስኳር ሕመም ያለበትን ሰው አይመለከትም። የእርሱ እግር ስሜቱን ሊያጣ፣ የደም ዝውውሩም ሊቀንስ ስለሚችል ጥፍሩ ወግቶት መግል እስኪይዝ ላያውቅ ይችላል፤ ቸል የተባለ ቁስል ጣትን፣ አልፎም እግርን እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ በቤት ውስጥ ምንም ሳይነካ በዚያው ቀን ይታከም። ባለቤትዎ ስኳር ካለባቸው ማታ ማታ እግራቸውን በብርሃን ይመልከቱላቸው፤ እርሳቸው ጎንበስ ብለው ማየት ሊያቅታቸው ይችላል። «እግሬ ይሸታል» ብለው ቢያፍሩም አይተዉአቸው።

ጥፍር የሚቆረጠው ከታጠቡ በኋላ፣ ቀጥ ተደርጎ፣ ነጩ ጫፍ ጥቂት ቀርቶ፣ ማዕዘኖቹም ከሥጋው በላይ እንዲታዩ ተትተው ነው። ነፍሰ ጡር ሚስት በመጨረሻዎቹ ወራት እግሯ ያብጣል፣ ጫማዋ ይጠብባታል፣ ጎንበስ ማለትም ያቅታታል፤ ያን ጊዜ መቁረጫውን የሚይዘው ባልዋ ነው።